በሙቀት የተላጡት ጎማዎች፦ የፋየርስቶንና የፎርድ ኤክስፕሎረር ጉዳይ

መጀመሪያ የሚሰማው ከኋላ በኩል ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ነው። ሾፌሩ መንገዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ድምፁ እየፈጠነ ይሄዳል፤ መኪናው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ የጎማው የላይኛው ክፍል፣ ከነጥርሱና ከነሽቦው፣ እንደ ቆዳ ተገፎ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ሾፌሩ ደንግጦ መሪውን ወደ ሌላው ጎን ሲጠመዝዝ፣ ቁመተ ረጅሙ መኪና ሚዛኑን ይስትና ይገለበጣል።

ይህ አደጋ በ1990ዎቹ በአሜሪካ ደቡባዊና ምዕራባዊ ግዛቶች፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በቬንዙዌላ አውራ ጎዳናዎች ላይ ደጋግሞ ደረሰ። መኪናው ብዙ ጊዜ ፎርድ ኤክስፕሎረር ነበር። ጎማው ደግሞ ፋየርስቶን፤ ኤቲኤክስ፣ ኤቲኤክስ ሁለት ወይም ዊልደርነስ ኤቲ የሚባሉት ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ግን በበረሃ ሙቀት መኪና ለሚነዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም። ስለ ንፋስ፣ ስለ ጭነት፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ጎማ ዕድሜ የምንሰማው ምክር ሁሉ እዚህ ውስጥ በሰው ሕይወት ተፈትኖ ይገኛል።

ቀድመው የጮኹት ሞቃት ቦታዎች

በ1996 አሪዞና ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኤክስፕሎረር መኪኖቻቸው ጎማዎች ላይ ቅሬታ አቀረቡ። አሪዞና ማለት በበጋ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚሞቅ በረሃ ነው። ዋና ከተማዋ ፊኒክስ በጁን 1990 50 ዲግሪ ደርሳለች። ፋየርስቶን ጎማዎቹን መረመረና መልስ ሰጠ። ጎማዎቹ በአጠቃቀም ተጎድተዋል፣ ንፋሳቸው አንሶ ተነድተዋል የሚል ነበር።

በጁላይ 1998 ስቴት ፋርም በተባለው የመድን ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ አንድ ተመራማሪ አንድ ነገር አየ። ጠረጴዛው ላይ ከሚመጡ የአደጋ ፋይሎች መካከል 21 የሚሆኑት ስለ እነዚሁ ጎማዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ናቸው። የመንገድ ደህንነትን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጻፈ። መሥሪያ ቤቱ ምርመራ አልከፈተም።

ሳዑዲ ዓረቢያም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ይደርስ ነበር። እዚያ የተሰጠው ማብራሪያ ከበረሃ ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። ሾፌሮቹ አሸዋ ላይ ለመሄድ የጎማውን ንፋስ ይቀንሳሉ፣ ከዚያ መልሰው ሳይነፉ አስፋልት ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ይነዳሉ ተባለ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ማብራሪያው ራሱ ውሸት አይደለም። አሸዋ ላይ ንፋስ መቀነስ ትክክል ነው፤ ጎማው ሰፋ ብሎ ይረግጣል፣ አይሰምጥም። አስፋልት ላይ ሲወጡ ያንኑ ጎማ ሳይነፉ 120 መንዳት ግን ጎማውን መግደል ነው። ነገሩ ይህ እውነት በአሸዋ ላይ ረግጦ ለማያውቅ ጎማም ሰበብ ሆኖ መዋሉ ነው። በአሪዞናም ጥፋቱ የሾፌሩ ተባለ፣ በሳዑዲም የሾፌሩ።

ፎርድ በኦገስት 1999 በሳዑዲና በአካባቢው አገሮች ጎማዎቹን መቀየር ጀመረ። በዚያው ዓመት በማርች የተጻፈ የፎርድ የውስጥ ማስታወሻ አለ። ፋየርስቶን በቅያሪው እንዳልተደሰተ ይናገራል። ያው ጎማ አሜሪካ ውስጥም ስለሚሸጥ፣ ነገሩን ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ ሊመጣ ነው የሚል ስጋት ነበር። በወቅቱ የነበረው ሕግ ደግሞ ውጭ አገር የተደረገን ቅያሪ ለአሜሪካ መንግሥት እንዲያሳውቁ አያስገድድም ነበር። ስለዚህ የባሕረ ሰላጤው ሰው ጎማው ሲቀየርለት የቴክሳሱ ሰው በዚያው ጎማ መንዳቱን ቀጠለ።

ዝምታውን የሰበረው በሂዩስተን፣ ቴክሳስ የሚገኝ ኬኤችኦዩ የተባለ የአካባቢ ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። አና ወርነር የተባለችው ጋዜጠኛ ፌብሩዋሪ 2000 ላይ ዘገባዋን አቀረበች። ከዚያ በኋላ ስልኩ አላርፍ አለ። በሜይ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ምርመራ ከፈተ። ኦገስት 9 ቀን 2000 ፋየርስቶን አገልግሎት ላይ ያሉ 6.5 ሚሊዮን የሚገመቱ ጎማዎችን እንደሚሰበስብ አስታወቀ።

ጎማዎቹ የተሰበሰቡበት ቅደም ተከተል ብቻውን ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ አሪዞና፣ ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳና ቴክሳስ። ቀጥሎ ኔቫዳን፣ ሉዊዚያናን፣ ጆርጂያንና ሌሎች ሞቃት ግዛቶችን የያዘው ሁለተኛ ዙር። ቀዝቃዛዎቹ ግዛቶች መጨረሻ ላይ። ካርታውን የሣለው ሙቀት ነው። ጎማ ስላልበቃ ፎርድ ሦስት ፋብሪካዎቹን ለጊዜው አቁሞ ለአዳዲስ መኪኖች የተዘጋጁትን ጎማዎች ለቅያሪ አዋለ።

በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱ በእጁ በገቡት መረጃዎች ከእነዚህ ጎማዎች ጋር የተያያዙ 271 ሞቶችንና ከ800 በላይ ጉዳቶችን መዘገበ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ።

ጎማው ውስጥ ምን ተፈጠረ

ጎማ ከውጭ ሲታይ አንድ ወጥ ጥቁር ነገር ይመስላል። ብንሰነጥቀው ግን ድርብርብ ነው። ከውስጥ አየር የሚይዘው ቀጭን ሽፋን አለ። በላዩ ሽራው አለ። ከሽራው በላይ ሁለት የሽቦ ቀበቶዎች አንዱ በሌላው ላይ ተጋድመው ይተኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ላስቲክ ብቻ ነው አጣብቆ የያዛቸው። ከሁሉም በላይ ጥርሱ አለ።

ችግሩ የተነሣው በሁለቱ ቀበቶዎች ጠርዝ ላይ ነው። የተቆረጠ የሽቦ ጫፍ ስለታም ነው፤ ጎማው በተለመጠ ቁጥር እዚያ ጋ ያለው ላስቲክ ይጎተታል። ለዚህ ተብሎ በሁለቱ ጠርዞች መካከል እንደ ሽብልቅ የምትገባ ቀጭን ላስቲክ አለች። መርማሪዎቹ በነዚህ ጎማዎች ይህች ሽብልቅ በጣም ቀጭን ሆና አገኟት። ፋየርስቶን ራሱ በ1998 አወፍሯታል።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። የኤክስፕሎረሩ ጎማ ልኩ 235/75 ባለ 15 ነው። ዙሪያው 2.3 ሜትር ገደማ ይመጣል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሰከንድ 13 ጊዜ ያህል ይዞራል። ማለትም ያቺ የሽቦ ጫፍ አስፋልት ላይ ደርሳ በመጣች ቁጥር ትለመጣለች፤ በሰከንድ 13 ጊዜ፣ በሰዓት ወደ 48,000 ጊዜ። ጎማ በተለመጠ ቁጥር ከጉልበቱ ጥቂቱ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሽቦ በእጅ ደጋግሞ ያጠፈ ሰው ማጠፊያው እንዴት እንደሚሞቅ ያውቃል።

ንፋሱ ሲያንስ መለመጡ ይበዛል። ጭነት ሲጨመር ይበዛል። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ በመካከል የመቀዝቀዣ ጊዜ ያጥራል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ወደ አየሩና ወደ መንገዱ ነው። አየሩ 45 ዲግሪ፣ አስፋልቱ ከ60 በላይ ሲሆን ግን የሚወጣበት ቦታ የለም።

የጋለ ጎማ በአንድ ቀን አይሞትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የበረሃ ፀሐይ ዛሬ አቅልጦ ዛሬ ያፈነዳዋል ብለን እንፈራለን። የሆነው ሌላ ነው። ጎማ በሙቀትና በኦክስጅን ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ የመለጠጥ አቅሙን ያጣል። ኦክስጅኑ የሚመጣው ከውጭ ብቻ አይደለም። ውስጥ ታምቆ ያለው ንፋስ ራሱ በሽፋኑ አልፎ ወደ ቀበቶዎቹ ይገባል። በደረቀው ጎማ ላይ ከሽቦው ጫፍ ትንሽ ስንጥቅ ትጀምራለች። ስንጥቋ ከጫፉ ወደ ጎን፣ ከዚያ በሁለቱ ቀበቶዎች መካከል ወደ ውስጥ ትሄዳለች። መርማሪው መሥሪያ ቤት በኦክቶበር 2001 ባወጣው ሪፖርት መላጡ የሚደርሰው በአብዛኛው ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ መሆኑንና በሞቃት ደቡባዊ ግዛቶች እንደሚበዛ አስቀምጧል። ከውጭ ሲታይ ጥርሱ ገና ነው። ጎሚስታውም ቢያየው አይጥለውም። ውስጡ ግን ግማሽ ቀበቶ ለቋል።

26 የምትለዋ ቁጥር

ፎርድ ለኤክስፕሎረር ያዘዘው ንፋስ 26 ፒኤስአይ ነበር (ፒኤስአይ የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው)። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ መጠን 35 ነው። መኪናው ገበያ ከመውጣቱ በፊት በ1989 በተደረጉ ሙከራዎች የመረጋጋት ችግር ታይቶ ነበር። መሐንዲሶቹ ካሰቧቸው መፍትሔዎች አንዱ የጎማውን ንፋስ መቀነስ እንደነበር የፎርድ የራሱ ሰነዶች ያሳያሉ። ለስላሳ ጎማ ጉዞውንም ያለሰልሳል።

26 ራሱ ጎማውን አይገድልም። ክፋቱ ለስህተት ቦታ አለመተዉ ነው። ጎማ ማንም ሳይነካው በወር አንድ ፒኤስአይ ያህል ንፋስ ያጣል። ከ35 የተነሣ ሰው አራት ወር ቢረሳ 31 ላይ ነው። ከ26 የተነሣ ግን 22 ላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ ቤተሰቡንና የዕረፍት ሻንጣውን ጭኖ፣ በጁላይ እኩለ ቀን፣ ለሦስት ሰዓት ያለ ዕረፍት ይነዳል። እንዲህ ያለ ሾፌር ክፉ ወይም ቸልተኛ ልንለው አንችልም። አብዛኞቻችን እንደዚያው ነን። ፋየርስቶን በሴፕቴምበር 2000 ንፋሱ 30 ይሁን ብሎ መከረ።

ከዚህ ቁጥር ጋር ተያይዞ አንድ ነገር ማሳየት እፈልጋለሁ፤ በሙቀት አገር በየቀኑ የማየው ስህተት ስለሆነ ነው። ሰው ረጅም መንገድ ሄዶ ይቆማል። ጎማውን ያስለካል። 38 ይላል። አምራቹ በመኪናው በር ላይ የጻፈው 32 ነው። «ኧረ በዝቷል፣ ሊፈነዳ ነው» ብሎ ያስተነፍሰዋል፤ 32 ላይ ያቆመዋል። ልቡ አረፈ።

እስቲ እናስላው። ጠዋት በ30 ዲግሪ 32 የተሞላ ጎማ፣ ውስጡ ያለው ንፋስ 70 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 38 ይወጣል። ይህ ትክክለኛ ጤናው ነው። አምራቹ በሩ ላይ 32 ብሎ ሲጽፍ ቀዝቃዛውን ጎማ ማለቱ ነው፤ ሲግል የሚጨምረውን አስቀድሞ አስቦበታል። ያን የጋለ ጎማ ወደ 32 ያስተነፈሰ ሰው በማግሥቱ ጠዋት ጎማው ቀዝቅዞ ቢለካው 26 ተኩል ያህል ያገኛል። የኤክስፕሎረሩን ቁጥር በገዛ እጁ ሠራው ማለት ነው። ጎማው እንዳይፈነዳ ብሎ ያደረገው፣ ነገ ይበልጥ እንዲለመጥና ይበልጥ እንዲግል አደረገው።

የጋለ ጎማ አይተነፈስም። ይህን በትልቁ ብጽፈው ደስ ይለኛል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ፀሐይ ሳያርፍበት ነው። መንገድ ላይ ጎማው ግሎ ሳለ በሩ ላይ ካለው ቁጥር በታች ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ምን ያህል ሊወርድ እንደሚችል አስቡት።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሁለቱ ኩባንያዎች ከ1906 ጀምሮ አብረው የሠሩ ነበሩ። ሄንሪ ፎርድና ሃርቪ ፋየርስቶን ጓደኛሞች ነበሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውም ተጋብተዋል። ጉዳዩ አጣላቸው። የፋየርስቶን ኃላፊ ጆን ላምፒ በሜይ 21 ቀን 2001 ግንኙነቱን የሚያቋርጥ ደብዳቤ ጻፈ። በማግሥቱ ፎርድ ተጨማሪ 13 ሚሊዮን የዊልደርነስ ጎማዎችን በራሱ ወጪ እንደሚቀይር አስታወቀ።

ፋየርስቶን «መኪናው ነው፣ ንፋሱም ዝቅ ብሏል» አለ። ፎርድ ጠንከር ያለ መልስ ነበረው። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ኤክስፕሎረሮች በጉድይር ጎማ ወጥተው ነበር። ያው መኪና፣ ያው 26፣ ያው ሙቀት። እነዚያ ጎማዎች ግን አልተላጡም ማለት ይቻላል።

እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው። ንፋስ ማነሱ ብቻውን አይበቃም፤ ሙቀቱም ብቻውን አይበቃም። ፋየርስቶን ራሱ የቀጠራቸው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ ሳንጃይ ጎቪንድጂም በ2001 ያቀረቡት ድምዳሜ የብዙ ነገሮች ድምር ነው የሚል ነበር፤ የአየር ጠባይ፣ የጎማው ንድፍ፣ የንፋስ መጠንና ጭነት፣ በዲኬተር፣ ኢሊኖይ የሚገኘው ፋብሪካ ጎማውን የሚያዘጋጅበት የተለየ መንገድ። በዚያ ፋብሪካ ከ1994 እስከ 1996 ረጅም የሠራተኞች ውዝግብ ነበር። አለን ክሩገርና አሌክሳንደር ማስ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በዚያ ውዝግብ ወቅት የተሠሩት ጎማዎች የበለጠ እንደተበላሹ በ2004 አሳይተዋል።

ሾፌሩ ግን ሽብልቋ ቀጭን መሆኗን ሊያውቅ አይችልም። ፋብሪካው ውስጥ ምን እንደተደረገም አያይም። የተበላሸ ጎማና ጤነኛ ጎማ መንገድ ላይ አንድ ይመስላሉ። ሙቀቱ ደካማውን ለይቶ ያወጣዋል፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ ቀድሞ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት በሾፌሩ እጅ ያሉት የጎማው ንፋስና ዕድሜ፣ ጭነቱና ፍጥነቱ ብቻ ናቸው።

የቀየረው ነገር

ኖቬምበር 1 ቀን 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ትሬድ የሚባለውን ሕግ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ውጭ አገር ያደረጉትን የቅያሪ ዘመቻ ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ ግዴታቸው ሆነ። የሳዑዲው ዝምታ በሕግ ተዘጋ። የጎማ ፈተናውም ከበደ። አዲሱ ደረጃ ጎማው በ38 ዲግሪ ገደማ ሙቀት፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለ34 ሰዓት እንዲሽከረከር፣ ከዚያም ንፋሱ ተቀንሶ ለሌላ አንድ ሰዓት ተኩል እንዲሄድ ይጠይቃል። የድሮው ፈተና በ80 ኪሎ ሜትር ነበር።

ስለ ዕድሜም ጥናት ተጀመረ። መሥሪያ ቤቱ ያገለገሉ ጎማዎችን ሰብስቦ ያስመረመረው ከፊኒክስ ነው። በ2007 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት ከአንድ ትልቅ የመድን ድርጅት ያገኘውን መረጃ አስቀምጧል። ከደንበኞቹ 27 በመቶው በቴክሳስ፣ በካሊፎርኒያ፣ በሉዊዚያና፣ በፍሎሪዳና በአሪዞና የሚኖሩ ናቸው። ከጎማ ጋር የተያያዘው የካሳ ጥያቄ ግን 77 በመቶው ከእነዚሁ አምስት ግዛቶች መጣ። ከነዚህ ውስጥ 84 በመቶው ከስድስት ዓመት በላይ ባረጁ ጎማዎች ላይ የደረሰ ነው። ፎርድ ራሱ ከ2005 ጀምሮ ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀር ጎማ በስድስት ዓመቱ ይቀየር ይላል።

ዕድሜውን ማወቅ ቀላል ነው። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያለው መስመር መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ። 2319 ካለ፣ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቁጥሩ በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል አንዳንዴ መኪናው ስር ገብቶ ማየት ይጠይቃል። ስኮርታውንም እዩት። ተሰቅሎ ያለ ጎማም ያረጃል፤ መሬት ስላልነካ ጥርሱ እንደ አዲስ ይታያል፣ ውስጡ ግን ከሌሎቹ ጋር በሙቀቱ ኖሯል።

ዱብ ዱብ የሚለውን ድምፅ ከሰማችሁ አትጠብቁ። ጎማው እየለቀቀ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ፤ ወርዳችሁ ግሎ እንደሆነ፣ አብጦ እንደሆነ እዩ። ከተላጠባችሁ ደግሞ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ቀጥ አድርጉት። ፍሬን አትርገጡ። እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሡ፤ ፍጥነቱ በራሱ ይውረድ።

አዳዲስ መኪኖች ላይ ያለው የንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራትም የመጣው ከዚሁ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ በቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ላይ ግዴታ ሆነ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ደንቡ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው ንፋሱ በሩ ላይ ከተጻፈው በ25 በመቶ ሲወርድ ነው። በሩ ላይ 35 የሚል መኪና እስከ 26 ድረስ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ እኔ መብራቱን አልጠብቅም። መለኪያዬ ጋቢና ውስጥ ነው። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ አራቱንና ስኮርታውን እለካለሁ።